የሼን አደራ

አብዱልሃፊዝ ጥቁሩን ሣጥን አቅፎ ወደ ግቢ ሲገባ ከድጄ ጠመንጃ መስሏት ክው አለች። ቁመቱ የጠመንጃ ያህል ነው፤ ወደ ታች ግን እንደ ቅል ሆዱ ይሰፋል። ባሏ የመንገድ ሥራ ካምፕ ዘበኛ ስለነበር አለቆቹ የማይሆን ነገር አሸክመውት ይሆናል ብላ በሩ ላይ ተገትራ ጠበቀችው።

"ምንድን ነው እሱ?"

"የሼን ነው። ክራሩ።"

"እኛ ቤት ምን ሊሠራ?"

"አገሩ ለበዓል ሊሄድ ነው። የካምፑ ጣሪያ ያፈሳል፣ አይጡም አይጣል ነው። እስክመለስ አንተ ዘንድ ይቀመጥልኝ አለኝ።" ሣጥኑን እንደተኛ ልጅ ቀስ አድርጎ አልጋው ላይ አጋደመው። "አማና ነው፣ ከድጄ፤ የሰው አደራ።"

አማና ከተባለ በኋላ በነሱ ቤት ክርክር የለም። ከድጄ ቁም ሣጥኑ ላይ የተቆለሉትን ብርድ ልብሶች አንስታ ቦታ ለቀቀችለት።

ሼን ከቡታጅራ ወደ ቆሼ የሚወስደውን መንገድ ይሠራ በነበረ የቻይኖች ድርጅት ውስጥ ቀያሽ ነበር። ከሃምሳ ያለፈ፣ ቀጭን፣ ፀሐይ ያከሰለው ሰው ነው። የከተማው ልጆች "ቻይና! ቻይና!" እያሉ ሲከተሉት ዞር ብሎ "ሐበሻ! ሐበሻ!" ይላቸዋል። ዘበኞቹ ስሙን አጣመው "ሼህ ሼን" ይሉታል፤ እሱም ሰላምታውን ከአብዱልሃፊዝ ተምሮ በሩን ባለፈ ቁጥር "አሰላሙ አለይኩም" ሳይል አያልፍም። አማርኛውን ከቀን ሠራተኛ አፍ ስለለቀመው ወንድና ሴት አይለይም፤ ለሁሉም "አንተ" ነው፤ የከድጄ ሱቅ ብቅ ሲል ለሷም።

ሥራ ሲያበቃ ከክፍሉ ፊት ለፊት በርጩማ ላይ ይቀመጣል። ከትንሽ ቆርቆሮ ሰው ሠራሽ ጥፍሮች እያወጣ በፕላስተር ጣቶቹ ላይ አንድ በአንድ ያስራል። ከዚያ ያንን ሆዳም ክራር ጭኑ ላይ ቀጥ አድርጎ አቁሞ ይመታል። አብዱልሃፊዝ በሩን ሳይለቅ ያዳምጣል። መጀመሪያ ሰሞን ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ በረዶ ይመስለው ነበር። ውሎ ሲያድር ጆሮው ለመደ፤ ኋላማ ያንን ድምፅ ካልሰማ ቀኑ ያለቀ አይመስለውም ጀመር። አንዳንዴ ሼን በርጩማውን ይዞ ወደ በሩ ይመጣና አጠገቡ ተቀምጦ ይመታለታል። ብዙ አያወሩም። ሁለቱም ወሬ አይወዱም ነበር።

ከሼን የሰማትን ጥቂት ነገር ግን አብዱልሃፊዝ ቤቱ ሲገባ ያበዛታል።

"ፒፓ ነው የሚባለው። ታውቂያለሽ፣ መጀመሪያውኑ የነሱ አይደለም አሉ" አላት አንድ ቀን ቆጮውን በጎመን እየጠቀለለ።

"የማን ነው ታዲያ?"

"ከምዕራብ ነው የገባው። በረሃ አቋርጠው በግመልና በፈረስ የሚነግዱ ሰዎች ናቸው ያመጡት። ሺህ አምስት መቶ ዓመት ያልፈዋል ነው የሚለኝ።" ሳቅ አለ። "ጉራጌዎች ናቸው በያቸው።"

"አንተ ደግሞ!"

"እውነቴን ነው። ያኔ ፈረስ ላይ ሆነው እንዲህ አግድም አቅፈው በእንጨት ቁራጭ ነበር የሚመቱት። ኋላ የነሱ ሰዎች ቀጥ አድርገው አቆሙት፤ እንጨቷን ጥለው በጥፍር ያዙት። ክሩም ድሮ ሐር ነበር፣ አሁን ነው ብረት የሆነው። ስሙን ከየት እንዳመጣው ታውቂያለሽ? ጣትሽን ወደ ፊት ስትገፊው ፒ ነው፤ ወደ ራስሽ ስትስቢው ፓ።" ጣቱን በአየር ላይ እያመላለሰ አሳያት። "ፒ፣ ፓ። ፒ፣ ፓ። ንጉሥ ቤትም ሻይ ቤትም ገብቷል። ወደ ሩቅ አገር የሚዳሩ ልጃገረዶች ሳይቀሩ ፈረስ ላይ ሆነው ይዘውት ይሄዱ ነበር አለኝ። ለናፍቆት።"

ከድጄ ይህን ስትሰማ ቆሼ የተዳረችውን ልጃቸውን ፈቲሀን አሰበች።

ሼን የሄደው በ2012 ዓ.ም. ጥር ላይ ነው። ብዙም ሳይቆይ ያ በሽታ መጣ። አውሮፕላን ቆመ፤ ካምፑ ጭር አለ። የተረፈውን መንገድ ሌሎች ሰዎች መጥተው ጨረሱት፤ ኮንቴይነሮቹ በከባድ መኪና ተጭነው ሄዱ። ቦታው ላይ በርበሬ ተዘራበት። አብዱልሃፊዝም አንድ ወፍጮ ቤት በዘበኝነት ተቀጠረ።

ሣጥኑ ግን ከቁም ሣጥኑ ላይ ንቅንቅ አላለም። ጁምዓ ሲሆን አብዱልሃፊዝ ከመስጊድ ተመልሶ ያወርደዋል፤ ከፍቶ በንጹሕ ጥጥ አቧራውን ያብስለታል። ሼን እንዳስተማረው ክሮቹን አላልቷቸዋል። ፀሐይ አያስነካውም፣ የምድጃ ወላፈን አያስጠጋውም። አንድ ጊዜ የሸሚዙ እጅጌ ክሩን ነክቶት ድምፅ ሲያወጣ፣ ደንግጦ "አፉ በለኝ" ሲለው ከድጄ ሰምታ ስቃበታለች።

"ለምን አትደውልለትም?" ትለው ነበር አንዳንዴ። የሼን ቁጥር ስልኩ ውስጥ አለ።

"ከደወልኩማ ና ውሰድልኝ ያልኩት ይመስለዋል። አማና የያዘ ሰው አያጣድፍም። እሱ ይደውላል።"

ሼን አልደወለም። አብዱልሃፊዝም አልደወለም።

በ2015 ክረምት አብዱልሃፊዝን ኩላሊቱ ጣለው። ሰውነቱ እያበጠ፣ ትንፋሹ እያጠረ ሄደ። ፈቲሀ ከቆሼ መጥታ አባቷን ታስታምም ጀመር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከድጄ ትራሱን ስታስተካክልለት እጇን ያዛት።

"የሼንን ነገር…"

"አውቃለሁ።"

"ሲመጣ አንቺው በእጅሽ ስጪው።"

"አንተው ትሰጠዋለህ፣ ኢንሻአላህ።"

አልሆነም። አብዱልሃፊዝ በዚያው ሳምንት አረፈ።

ለቅሶው ሲያልቅ ቤቱ ባዶ ቀረ። ፈቲሀ የአባቷን ስልክ ለመታሰቢያ ይዛ ወደ ባሏ ተመለሰች፤ ስልኩ ብዙ ሳይቆይ ውኃ ገብቶት ተበላሸ፣ የሼን ቁጥርም አብሮት ጠፋ። ከድጄ ገበያው መሐል ሻሽና ሂጃብ የምትሸጥባት ጠባብ ሱቅ ነበረቻት። ቀኑን እዚያ ታሳልፋለች፤ ሲመሽ ቤት መግባት ያስጠላታል። ያን ሐዘን አብራት የተሸከመችው ጎረቤቷ መሕቡባ ናት። ጧት ቁርስ ይዛ ትመጣለች፣ ማታ እስክትተኛ አጠገቧ ትቀመጣለች። እኅት ብትኖራት ከዚህ የበለጠ አታደርግላትም።

አንድ እሑድ ሁለቱ ሆነው ቤቱን ሲያጸዱ መሕቡባ የቁም ሣጥኑን አናት ልትጠርግ ወንበር ላይ ወጣች። ጥቁሩን ሣጥን ገፋ ስታደርገው ከውስጡ እንደ ማቃሰት ያለ ድምፅ ወጣ።

"ሱብሃነላህ! ምንድን ነው ይሄ?"

ከድጄ ነገረቻት።

መሕቡባ ከወንበሩ ወርዳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። "እኔ ቂርአት የለኝም፣ ዲን አልተማርኩም" አለች፤ "ግን የዘፈን ክር ያለበት ቤት መላኢካ አይገባም ሲባል ነው የሰማሁት። ለአንቺ ብዬ አይደለም፣ ለሱ ብዬ ነው። ሟች የሚጠብቀው ከቤቱ የሚላክለትን ዱዓ ነው። ዱዓው ከዚህ ቤት እንዴት ይውጣ?"

"አማና ነው እኮ፣ መሕቡባ።"

"ባለቤቱ ረስቶታል። ይሄን ሁሉ ዓመት አንድ ቀን ደውሏል?"

በክፋት አልተናገረችም። አብዱልሃፊዝን እንደ ወንድሟ ነበር የምታየው፤ ተጨንቃለት ነው። ንግግሯ ግን ከድጄ ልብ ውስጥ እንደ እሾህ ተሰክቶ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሰግዳ እጇን ለዱዓ በዘረጋች ቁጥር ዓይኗ ወደ ቁም ሣጥኑ ይሄድባታል። ባሏ ጨለማ ውስጥ ሆኖ የሚጠብቀው ነገር እንዳይደርሰው ያገደችው እሷ መሰላት። የሰፈሩን ኢማም ሼህ ሙስተፋን ልጠይቅ ብላ አስባም ነበር፤ መስጊዱ ከሱቋ ሩቅ አይደለም። ግን "አብዱልሃፊዝ ቤቱ የዘፈን ዕቃ ነበረው" የሚል ወሬ ከራሷ አፍ እንዲወጣ አልፈለገችም። ሳትጠይቅ ቀረች።

በዚያው ሰሞን የመሕቡባ የእኅት ልጅ ራምዚ ለሠርግ ከወልቂጤ መጣ። ክራር የሚመታ፣ በየሠርጉ የሚጠራ ወጣት ነው። መሕቡባ ይዛው መጣች። ራምዚ ሣጥኑን ከፍቶ ፒፓውን ሲያይ ፊቱ በራ። ጣቱን በጀርባው ላይ አስኬደ፤ ከአንድ እንጨት የተፈለፈለ፣ እንደ መስታወት የለሰለሰ ነበር።

"አክስቴ፣ ይሄን ትሸጪዋለሽ?"

"አይሸጥም" አለች ከድጄ። ከዚያም "ውሰደው" አለችው።

"ባለቤቱ ከመጣ ግን ትመልሳለህ" የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ነበር። አላለችውም። ይህን ከሰማ ትቶት ይሄዳል ብላ ፈራች። ራምዚ እጇን ስሞ፣ ምርቃቷን ተቀብሎ፣ ሣጥኑን በትከሻው አንግቶ ወጣ። ያን ቀን ከድጄ ሰግዳ ስትጨርስ ቀና ብላ ባዶውን ቦታ አየች። ቀለል ይለኛል ብላ ጠብቃ ነበር። ቀለል አላላትም።

ሼን የመጣው ካቻምና ነው፣ በገበያ ቀን። ከድጄ ለአንዲት ደንበኛ ሻሽ እየለካች ሳለ ከበስተጀርባዋ አንድ ድምፅ "አሰላሙ አለይኩም" አለ። "ወአለይኩም ሰላም" ብላ ስትዞር ፀጉሩ ከዳር እስከ ዳር የሸበተ ቻይናዊ ፌስታል አንጠልጥሎ ቆሟል። ለጊዜው አላወቀችውም። ፈገግ ሲል ነው ያወቀችው።

"አንተ ደህና ነህ?" አላት። "ልጅ ደህና ነው? አብዱ የት ነው? እኔ ካምፕ ሄደ፣ ካምፕ የለም፣ በርበሬ ነው፤ ሰውዬው አብዱን አላወቀም።"

ከፌስታሉ ውስጥ የሻይ ቅጠል ካርቶንና ለአብዱልሃፊዝ የገዛውን የሱፍ ኮፍያ አውጥቶ የሻሾቹ ክምር ላይ አስቀመጠ። "አብዱ ማታ ብርድ ነው፣ ሥራ ነው" አለ ኮፍያውን እያሳያት።

ከድጄ ደንበኛዋን አሰናበተች።

"ሼን፣ አብዱልሃፊዝ ሞቷል።"

ያልገባው መስሏት ደገመችለት። ገብቶት ነበር። የጨርቅ ጥቅሉ ላይ ቁጭ አለ። ኮፍያውን አነሳው፣ ገለበጠው፣ መልሶ አጠፈው። በገበያው መሐል ሰዎች በበርበሬ ዋጋ ይከራከራሉ፣ ጋሪ ነጂዎች "ዞር በሉ!" ይላሉ፤ እሱ ኮፍያውን ያጥፋል፣ ይዘረጋል።

"እኔ አላወቀም" አለ በመጨረሻ። "እኔ አላወቀም።"

ከድጄ ስለ ፒፓው እስኪጠይቃት ጠበቀች። አልጠየቃትም። ስለ ሕመሙ ጠየቀ፣ የት እንደተቀበረ ጠየቀ። ከዚያ ለመሄድ ሲነሳ እሷው አልቻለችም።

"ዕቃህ ወልቂጤ ነው፤ ዘመድ ቤት" አለችው። "ቅዳሜ ቤት ና፣ አስመጣልሃለሁ።"

"እሺ፣ እሺ። ችግር የለም" አለ ሼን። ፊቱ ላይ ያየችውን እፎይታ ግን አትረሳውም።

በዚያው ቀን ሱቋን ዘግታ ወደ መሕቡባ ሄደች። መሕቡባ ነገሩን ስትሰማ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። "ብቻሽን አትሄጂም" አለች። "ከቤትሽ ያስወጣሁት እኔ ነኝ።"

በማግስቱ ጧት በጉብሬ በኩል በሚያልፈው ሚኒባስ ተሳፈሩ። መንገዱ ተራራውን ሲወጣ ጭጋጉ መስኮቱን ሸፈነው፤ ከጭጋጉ መሐል የእንሰት ቅጠል ብቅ ይላል፣ ይጠፋል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሁለቱ ሴቶች አፋቸው አያርፍም ነበር። ያን ቀን እስከ ወልቂጤ ድረስ አንዲት ቃል አልተነጋገሩም። ከድጄ ልጁን ምን ብላ እንደምትጠይቀው ትለማመዳለች፤ የሰጡትን መልሶ መውሰድ እንዴት ተብሎ እንደሚነገር አላወቀችም።

ራምዚን ያገኙት ከመናኸሪያው ጀርባ ከጓደኞቹ ጋር በተከራያት መለማመጃ ቤት ነው። ግድግዳው ላይ የለጠፉት ማስታወቂያ ላይ ፒፓውን አቅፎ ይታያል፤ ከሥሩ "ራምዚ ቻይና" ተብሎ ተጽፏል። የታወቀበት ስም ነው። አክስቱን ሲያይ ተነስቶ ሳማት፣ ከድጄንም ሳማት፣ ወንበር አቀረበ።

"ራምዚዬ" አለች ከድጄ፣ "የዕቃው ባለቤት መጣ።"

ራምዚ ነገሩ ቶሎ አልገባውም። "የትኛው ዕቃ?" አለ። ከዚያ ዓይኑ ወደ ግድግዳው ሄደ።

"ሰጥተሽኝ የለ እንዴ፣ አክስቴ?"

"ሰጥቼሃለሁ።"

"አደራ ነው አላልሽኝም እኮ።"

"አላልኩህም። ጥፋቱ የኔ ነው።"

ራምዚ ወደ ጓዳ ገብቶ ፒፓውን ይዞ ወጣና ሣጥኑ ላይ አስቀመጠላቸው። ከድጄ የዘፈን ዕቃ አታውቅም፤ ግን ያንን ዕቃ ስንት ጁምዓ ከባሏ እጅ ላይ አይታዋለች። ደረቱ ላይ እንደ መሰላል ተደርድረው የነበሩት የቀርከሃ ፍልጮች የሉም፤ በቦታቸው የሙጫ ጠባሳ ብቻ ቀርቷል። ከታች በኩል ደረቱ ተበስቶ ሽቦ ገብቶበታል። ክሮቹ የጊታር ክር ናቸው።

"ቀርከሃዎቹ ለኛ ዜማ ጣት አያስኬዱም" አለ ራምዚ አንገቱን ደፍቶ። "በሞረድ አነሳኋቸው። የበሳሁት ከድምፅ ማጉያ ጋር ላገናኘው ብዬ ነው። የኔ መስሎኝ ነው፣ አክስቴ። የሰው መሆኑን ባውቅ በጥፍሬም አልነካው።"

"አውቃለሁ፣ ልጄ።"

"ቀርከሃዎቹስ?" አለች መሕቡባ። "የት ጣልካቸው?"

ራምዚ መሳቢያውን ሁሉ አገላበጠ። ከአሮጌ ክርና ከባትሪ መሐል ጥቂት ቀጫጭን ፍልጮች አግኝቶ በወረቀት ጠቀለለላቸው። የቀሩት የሉም። ሽቦውን ነቀለው። እሑድ ሠርግ አለበት፤ የጠሩትም በዚህ ዕቃ ባወጣው ስም ነው። ስለሱ አንዳች አላለም። ሣጥኑን መናኸሪያ ድረስ ተሸክሞ አደረሳቸውና፣ መኪናው ሊነሳ ሲል "እኔም መጥቼ ይቅርታ ልጠይቀው" አለ።

"አይሆንም" አለች ከድጄ። "አንተ ያጠፋኸው የለም።"

ቅዳሜ ሼን ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። አብዱልሃፊዝ ይቀመጥበት የነበረው ወንበር ላይ ከድጄ ጨርቅ አንጥፋ አስቀመጠችው። ሻይ አቀረበችለት፤ አልቸኮለም፣ ጨርሶ ጠጣ። ሣጥኑን ከውስጠኛው ክፍል ልታመጣ ስትነሳ፣ እሱ ከኪሱ ያቺን ትንሽ ቆርቆሮና ፕላስተር አወጣ። ተሸክማ ስትመለስ ሰው ሠራሽ ጥፍሮቹን ከጣቶቹ ላይ አስሮ ጨርሷል። መጫወቻውን እንደሚጠብቅ ልጅ ሆኖ ታያት። ሣጥኑን ፊቱ አስቀመጠች።

"ሼን፣ ሳትከፍተው…" አለች።

ከፍቶታል።

ጎንበስ ብሎ ብዙ አየው። ከዚያ አንድ ጣቱን ቀርከሃዎቹ ከነበሩበት ቦታ ላይ አድርጎ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ጠባሳ በጠባሳ ወረደ። ቀዳዳው ጋ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። ቀና ሳይል ፕላስተሩን ከጣቶቹ ላይ ይልጥ ጀመር። ጥፍሮቹን አንድ በአንድ ወደ ቆርቆሮው መለሰ። ክዳኑን ዘጋ።

"ችግር የለም" አለ።

ከድጄ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠችና ሁሉንም ነገረችው፤ መሕቡባን አላነሳችም። "እስኪሞት ድረስ ጠብቆልሃል። በየጁምዓው ያብስልህ ነበር። ክሩን አንድ ቀን መትቶት አያውቅም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ እሱን እንዳትቀየመው። እኔን ተቀየመኝ።"

ሼን ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ቃላቱን ከሩቅ እንደሚጠራ ሰው ቀስ እያለ ተናገረ።

"ይሄ የእናቴ ነው። እናቴ ወጣት ሆኖ፣ ቻይና መጥፎ ጊዜ አለ። ሰው እንዲህ ያለ ዕቃ ያቃጥላል። የጎረቤት ሁሉ ተቃጠለ። እናቴ የሩዝ ገለባ ውስጥ ደበቀው። ብዙ ዓመት አልመታም። ዝም ብሎ ጠበቀው።"

"ታዲያ እንዲህ ያለውን ነገር እኛ ዘንድ እንዴት ትተህ ሄድክ?"

"ሌላ ሰው አልሰጠም። አብዱ ነው" አለ ሼን።

ትንሽ ቆይቶ፣ ያልጠየቀችውን መለሰላት። "እኔ ስልክ አለ። የአብዱ ቁጥር አለ። ሁልጊዜ እደውላለሁ ይላል። ከዚያ እኔ ያስባል፤ ብደውል አብዱ 'ሼን እኔን አላመነም፣ ዕቃውን ፈለገ' ይላል። ስለዚህ አልደወለም። አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት። ከዚያ አፈረ። ከዚያ ሚስቴ ታመመ፣ ሞተ። አሁን ብቻዬን ነው፤ ራሴ ልሂድ አለ።"

ከድጄ አብዱልሃፊዝ ለምን እንዳልደወለ ነገረችው። "አማና የያዘ ሰው አያጣድፍም" ይል እንደነበር፣ ስልኩን አንስቶ ቁጥሩን አይቶ መልሶ ያስቀምጥ እንደነበር። ሼን ሰምቶ ሲጨርስ በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነ። ፒፓውን ሲያይ ያላለቀሰው ሰው ያኔ አለቀሰ።

ከሰዓት በኋላ ወደ መቃብሩ ሄዱ። ከድጄ አጥሩ ጋ ቆመች፤ ሼህ ሙስተፋ ሼንን ይዘውት ገቡ። ሼን የሱፍ ኮፍያውን ከኪሱ አውጥቶ መቃብሩ ላይ ሊያስቀምጥ ፈልጎ ነበር፤ ሼሁ በደግ ቃል ከለከሉት፣ "ለሚበርደው ሰው ስጥለት" ብለው። ሲወጡ መግቢያው ላይ ለሚቀመጡ ሽማግሌ ሰጣቸው።

ሼህ ሙስተፋ ኋላ ቀርተው ከድጄን አነጋገሯት። ነገሩን ከሼን አፍ ሰምተዋል።

"ለምን አልጠየቅሽኝም፣ ልጄ?"

"አፍሬ ነው፣ ሼህ።"

"ምቺው፣ ዝፈኚበት ያለሽ ሰው የለም። የተሰጠሽ የተዘጋ ሣጥን ነው። የተዘጋ ሣጥን ቁም ሣጥን ላይ ማስቀመጥ ምን ፈትዋ ያስፈልገዋል? አማና ነው የሚከብደው።" ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ያ ነው የባሰባት። ያቺን ጥያቄ ለመጠየቅ ከሱቋ ወጥታ መንገዱን መሻገር ብቻ ነበር የሚጠበቅባት።

ሼን በማግስቱ ወደ አዲስ አበባ ሄደ። ከድጄና መሕቡባ መናኸሪያ ድረስ ሸኙት። ረዳቱ ሣጥኑን ጣሪያ ላይ ሊጭን ሲል አልሰጥም አለ፤ ጭኑ ላይ አግድም አድርጎ ያዘው። መሕቡባ ሻሿን አፏ ላይ አድርጋ፣ ያለችውም ሳይሰማ፣ በመስኮቱ በኩል አንድ ነገር አለችው። ሼን "እሺ፣ እሺ" አላት። መኪናው ሄደ። ራምዚ እሑድ በተውሶ ክራር ሠርጉን ተጫወተ ሲባል ሰሙ፤ የቀድሞ ስሙንም ሰዎች ቀስ በቀስ ተዉት።

ከአንድ ሁለት ወር በኋላ ከድጄ ሱቋ ውስጥ ሳለች ስልኳ ጮኸ። የውጭ አገር ቁጥር ነው።

"አንተ ደህና ነህ?" አለ የሼን ድምፅ።

"ደህና ነኝ፣ አልሃምዱሊላህ። ዕቃው እንዴት ሆነ?"

"ሰውዬ ሠራው። አዲስ ቀርከሃ አደረገ። ቀዳዳው በእንጨት ዘጋ።"

"ድምፁስ?"

"ድምፁ አለ።"

"እንደ ድሮው ነው?"

ከሼን በስተኋላ የመኪና ጡሩምባ፣ የአንዲት ሴት ሳቅ፣ አንድ በአንድ ጥርት ብሎ ይሰማታል።

"ኔትዎርክ መጥፎ ነው" አለ ሼን።

ከድጄ "አዎ፣ ይቆራረጣል" አለችው።

ከዚያ ወዲህ የምትደውለው እሷ ናት። ለዒድ ትደውላለች፣ ለአረፋ ትደውላለች፣ ዝናቡ ሲጀምርም ትደውላለች። ያነሳል። እሱ ስለ ፈቲሀ ልጆች ይጠይቃታል፤ እሷ ስለ ጉልበቱ ሕመም ትጠይቀዋለች። ወሬያቸው ቶሎ ያልቃል፤ ሁለቱም ግን ስልኩን ቶሎ አይዘጉም። ስለ ፒፓው እሱ አያነሳም፣ እሷም አትጠይቅም።